ዘረ-መሉ ሁሉም ተክል ላይ ካለ፣ የእኔ አልፋልፋ ለምን ደረቀ?

በጎንደርና በዙሪያዋ ከብት የምናረባ፣ መኖ የምናለማና በሙያው የምንሠራ ሰዎች በምንገናኝበት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ ክር፣ ማለትም ጥያቄና መልሱ ተከታትሎ የሚጻፍበት ውይይት፣ ተከፍቶ ረዝሞ ረዝሞ ሠላሳ መልስ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ብዙዎቻችሁ መሃል ላይ ገብታችሁ ጭቅጭቁን ብቻ አይታችሁ እንደወጣችሁ ስለማውቅ፣ ከላይ እስከ ታች ያለውን በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። የራሴን ሐሳብ ጣል ያደረግሁበትም ቦታ አለ፤ ያልተስማማ እዚያው ክሩ ላይ ይምጣብኝ።

ጥያቄውን የከፈተው ከአዘዞ ወደ ደምቢያ በሚወስደው መንገድ ዳር ሁለት ዲቃላ ላሞች ይዞ የሚታገል ወጣት ነው። ክረምት ሲገባ አልፋልፋ የሚባለውን የመኖ ተክል ዘራ። ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ መስከረም ላይ ያገገመ መስሎት አንድ ጊዜ አጨደ፤ ጥር ሳይገባ ግን ማሳው ደረቀ። ሲያነብ ሲያነብ፣ ፕሮቲን ካይኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞችን የሚያሠሩ ዘረ-መሎች የመኖ ተክሎችን ከድርቅ፣ ከብርድና ከጨው ጋር እንደሚያታግሉ፣ አልፋልፋም እነዚህ ዘረ-መሎች ሞልተው እንደተረፉት ደረሰበት። ታዲያ ካሉት ለምን ሞተብኝ አለ። ወይስ የተሻለው ዘረ-መል ያለበት ሌላ ዘር አለ? ካለስ ማን ይሸጠዋል? ጥያቄው ይኸው ነው።

መልስ 1 ከአንዲት የባዮሎጂ መምህርት መጣ። ወንድምዓለም ብላ፣ የደረሰበትን ኪሳራ አዝናለት ነው የጀመረችው። ካይኔዝ ማለት ኤቲፒ ከተባለው የሴል ጉልበት ላይ አንድ ፎስፌት ወስዶ ሌላ ፕሮቲን ላይ የሚለጥፍ ኢንዛይም ነው አለች። የሚለጥፈውም በዘፈቀደ አይደለም፤ ሴሪን፣ ትሪዮኒን ወይም ታይሮሲን የሚባሉት አሚኖ አሲዶች ያሉበት ቦታ ላይ ነው። ፎስፌት የተለጠፈበት ፕሮቲን ጠባዩ ይለወጣል፤ ቦዝኖ የነበረው ይነቃል፣ ሲሠራ የነበረው ያቆማል፣ አንዳንዱም ሴሉ ውስጥ ቦታ ይቀይራል። ፎስፌቱ ሲያስፈልግ የሚለጠፍ፣ ሲያበቃ የሚነሣ መሆኑን ያሳዩት ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ በዚሁ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ኖቤል ተሸልመዋል፤ እነሱ የሠሩት ግን በእንስሳ ጡንቻ ላይ ነበር። ተክል በዚህ በኩል ከእኛ ይበልጣል አለች፤ ሰው 500 ገደማ የካይኔዝ ዘረ-መሎች ሲኖሩት፣ ሳይንቲስቶች የሚመራመሩባት አራቢዶፕሲስ የምትባል ትንሽ አረም 1000 ገደማ አላት። ላም ሲጠማት ወደ ወንዝ ትወርዳለች፤ ሣር ግን የቆመበት ቆሞ ሁሉንም ችግር እዚያው መጨረስ አለበት። ስለዚህ ዘረ-መሉ አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ ሩቅ አያስኬድም፤ ዋናው መቼ፣ የትኛው የተክሉ ክፍል ላይ፣ ምን ያህል ይነቃል የሚለው ነው ብላ አሳረፈችው።

መልስ 2 የጋሼ ነው፤ ጡረታ የወጡት የግብርና ባለሙያ። ያለ ሰላምታ፣ ነሐሴ ላይ ማሳው ላይ ውሃ ተኝቶ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ሌላ ነገር የለም። ማንም አልመለሰላቸውም። ጋሼ ሲጽፉ እንዲህ ናቸው፤ አጭር ስለሆነ ሰው ይዘለዋል።

መልስ 3 የአንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነው፤ እኔን ከሁሉም ያስደሰተኝ የእሱ ጽሑፍ ነው። ልጁ በቀጥታ ወደ ቅጠሉ ገባ። ቅጠል ላይ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ አየር የሚገባውም ውሃ የሚተነውም በእነሱ ነው። እያንዳንዱን ቀዳዳ ሁለት ሴሎች ግራና ቀኝ ይዘውታል። ሴሎቹ ውሃ ሲሞሉ ይወጠሩና ቀዳዳው ይከፈታል፤ ውሃ ሲያጡ ይላላሉና ይዘጋል። አፈሩ ሲደርቅ ተክሉ አብሲሲክ አሲድ የሚባለውን ሆርሞን ያበዛል። አሁን የካይኔዙ ነገር ይመጣል። ኤስኤንአርኬ2 የሚባል ካይኔዝ በደህናው ጊዜ ፒፒ2ሲ በሚባል ፎስፋቴዝ ታፍኖ ነው የሚኖረው። ፎስፋቴዝ ማለት ካይኔዝ የለጠፈውን ፎስፌት የሚያነሣ ነው። ሆርሞኑ ተቀባዩ ላይ ሲያርፍ ተቀባዩ ዞሮ አፋኙን ይይዘዋል፤ ካይኔዙም ነፃ ይወጣል። ነፃ የወጣው ካይኔዝ በሴሉ ሽፋን ላይ ስላክ1 በሚባል መተላለፊያ ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፤ መተላለፊያው ይከፈታል፤ ክሎራይድን የመሰሉ አኒዮኖች፣ ማለትም አሉታዊ ሙላት ያላቸው ቅንጣቶች፣ ይወጣሉ፤ ፖታሲየም ይከተላል፤ ውሃ ይከተላል፤ ሴሎቹ ይላላሉ፤ ቀዳዳው ይዘጋል። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። የሆርሞኑ ተቀባዮች ደግሞ የታወቁት ቅርብ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

እዚያ ላይ ቢያቆምም ይበቃው ነበር፤ ግን አንድ ነገር ጨመረ። ይህ ካይኔዝ የተበላሸባቸውን አራቢዶፕሲሶች ተመራማሪዎች የለዩት በሙቀት ካሜራ ነው፤ ሥራው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ቀዳዳውን መዝጋት የቻለ ቅጠል ውሃ ማትነኑን ስለሚያቆም ይሞቃል። መዝጋት ያቃተው ግን ውሃውን እያባከነ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ውሃ የተከለከሉ ችግኞች በአንድ ትሪ ላይ ተደርድረው በካሜራው ሲታዩ፣ ከሞቁት መሃል አንዷ ቀዝቃዛ ሆና በሌላ ቀለም ብቅ ትላለች፤ እሷ ናት ሕመምተኛዋ። ቀዝቃዛው ቅጠል ደህነኛው እንዳይመስላችሁ ነው ነገሩ።

መልስ 4 ከዳባት ነው፤ አንዲት እናት። በእኛ በኩል ድርቁ ሳይሆን አመዳዩ ነው የሚያስቸግረን አሉ። ማታ ለምለም የነበረ ሣር፣ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር፣ ጠዋት ጥቁር ሆኖ ይገኛል። ለዚህስ ካይኔዙ ምን ያደርጋል ብለው ጠየቁ።

መልስ 5 ላይ ተማሪው ተመለሰ፤ እናታችን ብሎ በአክብሮት ነው የመለሰላቸው። አልፋልፋ በዚህ ታሪክ ውስጥ ባዕድ አይደለም አለ። ብርድና ድርቅ አንድ ካይኔዝ እንደሚያነቁ ቀደም ብሎ ከታየባቸው ተክሎች አንዱ ራሱ አልፋልፋ ነው፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን ካይኔዙ ኤምኤምኬ4 ይባላል። ብርድ ሲመጣ የሴሉ ሽፋን ይጠነክራል፤ ካልሲየም ወደ ሴሉ ይገባል፤ ካልሲየምን የሚያነብቡ ካይኔዞች ይነሣሉ። ከእነዚህ መካከል ሲዲፒኬ የሚባሉት በእንስሳ ላይ የሉም፤ የተክል ናቸው። ግን ማስጠንቀቂያው በደቂቃዎች ቢደርስም፣ ከብርዱ የሚከላከለውን ስኳርና ፕሮቲን ለማከማቸት ቀናት ያስፈልጋሉ። ቀን በፀሐይ ሞቆ የዋለ ሣር በአንዲት ጥርት ያለች ሌሊት ድንገት አመዳይ ሲያርፍበት ለመሰናዳት ጊዜ አላገኘም። የዳባቷ እናት አመስግነው፣ እንግዲያው አመዳዩ ሳይመጣ አጭዶ ድርቆሽ ማድረጉ ነው የሚያዋጣው አሉ። ልክ ናቸው።

መልስ 6 ላይ ቃናው ተለወጠ። በማክሰኚት በኩል በሬ የሚያደልብ ሰው ነው። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት ጠቅሶ፣ ጠያቂው የሞተ ማሳ ይዞ ሲያለቅስ እናንተ የሴል በር ትቆጥሩለታላችሁ አለ። አራት አምስት ሰው ወደደለት። አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም እውነት አለበት።

መልስ 7 ለማብረድ የመጣ ነው። ጸሐፊው ነገሩን ለአድላቢው እንዲገባው ብሎ ከኮረብታ ኮረብታ እንደሚተላለፍ የአገር ቤት ጥሪ አድርጎ ገለጠው። አንዱ ከላይ ሆኖ ይጮኻል፤ የማዶው ሰምቶ ለቀጣዩ ያስተላልፋል፤ መጨረሻ ላይ ቆላው ይሰማል። ማፕ ካይኔዝ የሚባሉትም ሦስት ሆነው እንዲሁ ናቸው፤ የላይኛው በመካከለኛው ላይ፣ መካከለኛው በታችኛው ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፤ ታችኛው ዘረ-መሎቹ ወዳሉበት የሴሉ ክፍል፣ ወደ ኒውክለስ ገብቶ ዘረ-መሎች እንዲሠሩ ያደርጋል።

መልስ 8 አላሳለፈውም። ጥሪው ትክክል ነው፣ ግን የጠሪዎቹ ቁጥር ተረስቷል አለ። በአራቢዶፕሲስ ላይ ከታች 20፣ ከመሃል 10፣ ከላይ ግን ከ60 በላይ ናቸው። ስለዚህ ከብዙ ኮረብታ የተነሣ ጥሪ በጥቂት መካከለኞች በኩል ያልፋል፤ ያው ታችኛው ካይኔዝ ለቁስልም፣ ለብርድም፣ ለበሽታም ይነሣል። ሁለተኛ፣ ጥሪውን ዝም የሚያሰኝ ከሌለ ተክሉ ሲደነግጥ ይኖራል፤ ፎስፋቴዞቹ ለዚህ ናቸው፣ አልፋልፋ ውስጥም ተገኝተዋል። ጨው የሚያነሣውን መስመርም በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሶ አለፈ፤ ካልሲየምን የሚያነብ አንድ ፕሮቲን፣ ኤስኦኤስ2 የሚባል ካይኔዝ፣ ከዚያ ሶዲየምን ከሴል የሚያስወጣ ፓምፕ። ለእኛ ወይና ደጋ ብዙም አይደለም። ያስከፋው ነገር መልስ 7ን ሲያርም የተጠቀመበት አንተ ያልገባህን አታስተምር የሚል መንፈስ ነው። መልስ 9 ላይ የተነካው ሰው፣ እኔ ለገበሬ ነው የጻፍኩት፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ አይደለም ብሎ መለሰ። ሁለቱም በየቤታቸው የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ እዚህ ሲመጡ ግን ነገር ይወዳሉ።

ከመልስ 10 እስከ 12 ያለው ከርእስ የወጣ ነው፤ ግን ከክሩ ሁሉ ለከብት ባለቤት የሚጠቅመው እሱ ነው ብል አልዋሽም። ከመተማ የገባ ሰው፣ ዝናብ ቀርቶ የጠወለገ የማሽላ ቡቃያ በልታ ሜዳ ላይ የቀረች ጊደሩን አነሣ። በልታ ብዙም ሳትቆይ ተንገዳገደች፣ ትንፋሿ ፈጠነ፣ ወደቀች። ጎረቤቶቹ ቡዳ ነው ብለው ነበር። መልስ 11 ላይ አንዲት የእንስሳት ሐኪም ገብታ ነገሩን አስረዳች። ማሽላ ዱሪን የሚባል ውህድ አለው፤ ከታጨደ በኋላ በሚያቆጠቁጠው ለጋ ላይና በድርቅ ወይም በብርድ በተጎዳው ላይ ይበዛል፤ ከብቷ ስታኝከው ሲያናይድ ይለቀቃል። በጊዜ ከተደረሰ በሐኪም እጅ የሚሰጥ ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚባል መድኃኒት አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደረስም። በደንብ የደረቀ ድርቆሽ ከሆነ መርዙ ይቀንሳል። ከጉልበት በታች የሆነ ለጋ ማሽላ ላይ ከብት አትልቀቁ አለች። መልስ 12 ደግሞ ይህ ከካይኔዝ ጋር ምን አገናኘው ብሎ ጠየቀ። እኔ ልመልስ፦ ተክሉ ችግር ሲገጥመው የሚያደርገው ሁሉ ለራሱ ነው፤ ለላሟ ብሎ የሚያደርገው ነገር የለም። ይህን ካልያዝን የክሩ ሁለተኛ አጋማሽ አይገባንም።

ከ13 እስከ 16 እምቦጭ ሆነ። የጣና እምቦጭ ለከብት ይሆናል አይሆንም፣ ማን ሞከረ፣ ማን ወደ ማሳ ወሰደ። አብዛኛው ውሃ ነው፣ ተሸክመህ ውሃ ነው የምታበላው ያለ ሰው ነበር፤ አልተሳሳተም። አስተባባሪው ገብቶ ለእምቦጭ ሌላ ክር አለ ብሎ መለሳቸው።

መልስ 17 ነገሩን ወደ ፖለቲካ ወሰደው። ይህ የካይኔዝ ወሬ ዘራችንን አስጥሎ የውጭ ዘር ሊያስገዛን የመጣ ነው፤ የተለወጠ ዘር በስውር እየገባ ነው አለ። መምህርቷ በመልስ 18 ስትመልስ ትሕትናዋ እንዳለ ሆኖ ጠንከር አለች። ዘረ-መሉ የተለወጠ ሰብል ሆኖ በሀገራችን እንዲዘራ መጀመሪያ የተፈቀደው፣ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ቢቲ ጥጥ ነው፤ እሱም ትል እንዲችል የተለወጠ ነው። በዓለም ገበያ ያለው የተለወጠ አልፋልፋም አረም ማጥፊያ የሚችለውና ሊግኒኑ፣ ማለትም ግንዱን የሚያጠነክረው ነገር፣ የተቀነሰው ነው፤ ድርቅን በካይኔዝ እንዲችል የተደረገ የሚሸጥ አልፋልፋ የለም። በአርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ2020 የተፈቀደው ድርቅ ቻይ ስንዴም ከሱፍ አበባ በተወሰደ ዘረ-መል ነው የተሠራው፤ እሱም ካይኔዝ ሳይሆን ሌሎች ዘረ-መሎችን የሚያዝ ፕሮቲን ነው። ጠያቂው ዘሩ የት ይሸጣል ላለው መልሱ እንግዲህ ይኸው ነው፤ የትም። 17ኛው ሰው አልተዋጠለትም፤ ግን ዝም አለ።

መልስ 19 ጋሼ ናቸው። ያንኑ ጥያቄ ደገሙት፤ ነሐሴ ላይ ውሃ ተኝቶ ነበር ወይ? ዘንድሮ ወጣቶች ሽማግሌ ሲጠይቅ አይመልሱም እንዴ የሚል ነገርም አከሉበት። ጠያቂው ወዲያው በመልስ 20 ይቅርታ ጠይቆ መለሰ። አዎ፣ መሬቱ ዋልካ ነው፤ ነሐሴን ሙሉ ከጫማ በላይ ረግረግ ነበር። ከሞቱት ሥሮች መካከል ነቅሎ ያነሣውን ፎቶም ለጠፈ።

ፎቶው ነገሩን ገለበጠው። አልፋልፋ በደህና አፈር ላይ ሜትሮች ወደ ታች የሚወርድ ሥር አለው፤ ድርቅ የሚችለው በዋናነት በዚያ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ሥር ግን ከስንዝር አያልፍም። ጫፉ ቡናማ ሆኖ በስብሷል፤ ከዚያ በላይ ወደ ጎን የሄዱ ቀጫጭን ሥሮች አሉ፤ አንድም ኖዲዩል፣ ማለትም ናይትሮጅን የሚያዘጋጁ ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት የሥር እብጠት፣ አይታይበትም። አጠገቡ የተቀመጠው የዋልካ ጓል ተሰንጥቋል፤ በስንጥቁ ውስጥ የተበጠሰ የሥር ጭራ ይታያል። ጥር ሳይገባ ድርቁ ያገኘው ተክል ነሐሴ ላይ ግማሹ የሞተ ነበር።

መልስ 21፣ የአፈር ባለሙያ ነው፤ ጋሼን አመስግኖ ጀመረ። ውሃ የተኛበት አፈር ውስጥ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል፤ ሥሩ ጉልበት ማመንጨት ያቅተዋል። እዚህም ካይኔዝ አለ፤ ኤስኤንአርኬ1 የሚባለው የጉልበት ማነስን አውቆ ተክሉ ወጪውን እንዲቀንስ፣ ያከማቸውን እንዲፈታ ያደርጋል። በሩዝ ላይ ሲአይፒኬ15 የሚባል ሌላ ካይኔዝ ይህን መስመር እንደሚያነሣና የሰመጠው ዘር ስታርቹን ወደ ስኳር እየለወጠ እንዲበቅል እንደሚረዳው እ.ኤ.አ. በ2009 ታይቷል። ፎገራ ላይ ሩዝ የሚስቅበት ውሃ አልፋልፋን የሚቀብረው ለዚህ ነው፤ የካይኔዝ ቤተሰቡ ሁለቱም ጋ አለ፣ የተያያዘበት መስመር ግን ለየቅል ነው። መድኃኒቱ ዘር ሳይሆን ቦይ ነው ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሀገራችን ከሁለት ማረሻ ተጣምሮ የተሠራውን ሰፊ መደብ ማውጫ አስታወሰ። ጋሼ በአንድ ቃል፣ ተመስገን አሉ።

መልስ 22 ስለ ኖዲዩሉ ነው። የአልፋልፋ ሥር ናይትሮጅን ከሚያዘጋጁለት ባክቴሪያዎች ጋር ካልተገናኘ ቢጫነቱ አይለቅም፤ ይህ ግንኙነት ራሱ በካይኔዝ ነው የሚጀመረው አለች ጸሐፊዋ። በአልፋልፋ ዘመድ በሜዲካጎ ትሩንካቱላ ላይ ካልሲየምን የሚያነብ አንድ ካይኔዝ ሲበላሽ ኖዲዩል ጨርሶ አይሠራም፤ ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በተግባር ግን ፈተናው ቀላል ነው። ሥሩን ሳትበጥስ ቆፍረህ አውጣ፣ ኖዲዩሉን በጥፍርህ ሰንጥቀው፤ ውስጡ ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው፣ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ አይሠራም። ኖዲዩል ከሌለ ደግሞ በሚቀጥለው ዘር ላይ የአልፋልፋ ባክቴሪያ ለውሶ መዝራት ነው፤ የባቄላው አይሆንለትም።

እዚህ ላይ ክሩ ያለቀ መሰለ። መልስ 23 ላይ አድላቢው ተመልሶ፣ ታዲያ ካይኔዙን ምን ልናደርገው ነው የለፋነው አለ። ተማሪው በመልስ 24 የሰጠው መልስ እኔ ራሴ ከዓመታት ጀምሮ ልለው የምፈልገውን ነው። ተክል ውስጥ ቶር የሚባል ሌላ ካይኔዝ አለ፤ እድገትን የሚገፋው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 እንደታየው፣ ውሃ ሲኖር ቶር የአብሲሲክ አሲድ ተቀባይ ላይ ፎስፌት ለጥፎ ሆርሞኑን እንዳይሰማ ያደርገዋል፤ ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ኤስኤንአርኬ2 በተራው የቶር አጋር በሆነው ራፕተር ላይ ለጥፎ እድገቱን ያስቆመዋል። አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል። ስለዚህ ድርቅ ሲችል ያየነው ተክል፣ በዚያው ጊዜ ማደጉን ያቆመ ተክል ነው።

ለእህል ይህ ይቻላል። ጤፉ ለጊዜው ቆም ብሎ ዝናብ ሲመለስ ፍሬ ከያዘ ገበሬው አተረፈ። የመኖ ነገር ግን ሌላ ነው። የምናጭደው ቅጠሉንና ግንዱን ነው፤ ቀዳዳውን የዘጋ ቅጠል አየርም አይስብም፣ አይወፍርምም። ካይኔዙ ከልክ በላይ እንዲሠራ የተደረገ ሣር አንድም ቀን ሳይሞት አንድም ሸክም ሳይሰጥ ሊቀመጥ ይችላል። እኔ የመኖ ተክልን የምመዝነው በድርቁ ወቅት በመቆሙ አይደለም፤ ዝናብ በመጣ ወይም ውሃ በጠጣ በስንት ጊዜ ውስጥ ዳግም ለአጨዳ ደረሰ በሚለው ነው። አልፋልፋ መሬት ጋ ካለው አንገቱ ዳግም ያቆጠቁጣል፤ ለከብት ባለቤት የሚጠቅመው ይህ ነው፤ ቶሎ የሚነሣ ካይኔዝ ብቻ ሳይሆን ቶሎ የሚያርፍ ካይኔዝ ያለው ተክል።

መልስ 25 ይህንኑ ይዞ ምርምሩ ላይ ወረደበት፤ ክሩ የጋለውም እዚህ ነው። ወረቀቶቹ ዘረ-መሉን ወደ አራቢዶፕሲስ ወይም ወደ ትምባሆ ያስገባሉ፣ ችግኙን በኩባያ ተክለው ውሃ ይከለክላሉ፣ ከዚያ ይህን ያህሉ ተረፈ ብለው ይጽፋሉ፤ ድርቆሹን የመዘነ ግን የታለ አለ። መልስ 26 ተናደደ፤ በኩባያ ካልተጀመረ በማሳ ከየት ይመጣል፣ አንድ ቀን ላብራቶሪ ገብተህ ታውቃለህ አለው። አልፋልፋ ክሮሞሶሙን በአራት በአራት የያዘ ተክል ስለሆነ በእሱ ላይ መሥራት ከባድ መሆኑንም አስታወሰ፤ ይሄ ልክ ነው። 25ኛው ደግሞ፣ አንተስ አንድ ቀን ላም አልበህ ታውቃለህ ሲል መለሰ። ከዚያ ሁለት መልስ ተሰርዟል፤ ምን እንደነበረ ሳልነግራችሁ ብትገምቱት ይሻላል። ለእኔ 25ኛው ይበልጥብኛል፤ ኩባያውን አልነቅፍም፣ ግን መኖ ላይ የሚሠራ ሰው ሚዛን ይዞ ካልገባ ለአራቢዶፕሲስ ነው የሠራው።

ጠያቂው መጨረሻ አካባቢ ብቅ ብሎ እቅዱን ጻፈ። ዋልካው ላይ ቦይ አውጥቶ አጃና ቬች የሚባለውን የመኖ ጥራጥሬ ቀላቅሎ ይዘራል፤ ጠርዙ ላይ ደሾ ሣር ይተክላል፤ አልፋልፋውን ከቤቱ ጀርባ ውሃ በማይተኛበት ቀይ አፈር ላይ በትንሹ ይሞክራል። ጋሼ ሦስት ነገር አሉት፤ ዘሩን በጥልቀት አትቅበረው፣ አበባ ሳያሳይ የመጀመሪያውን አጨዳ አትድፈር፣ ላሞቹን በባዶ ሆድ እርጥብ አልፋልፋ ላይ አትልቀቅ፣ ሆዳቸው ይነፋል፤ መጀመሪያ ጭድ ስጣቸው። ተማሪው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት የሚነቀል ሥር ካለ ፎቶ እንዲልክለት ጠየቀ። የመጨረሻው መልስ ማክሰኚት ላይ የኑግ ፋጉሎ ስንት ገባ የሚል ነበር፤ አስተባባሪው ወደ ገበያው ክር አዛወረው።